ግራ ጫማው ቀድሞ የሚያልቅበት ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ ዕድሜውን መኪና ሥር ተንጋሎ የሚጨርስ» አሉ የኔታ ልሳነወርቅ፣ ወይዘሮ እንጉዳይ ጥያቄዋን ጠይቃ አፏን ሳትገጥም።

ጥያቄዋ ረጅም አልነበረም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ስታንቀሳቅሰው የኖረችውን ወፍጮ ቤት ለልጇ አስረክባለች። ካስረከበች ወዲህ ግን ከበፊቱ ይልቅ ደክሟታል። «ሥራውን የተውኩት እኔ፣ ወገቡ የሚቆረጠው የኔ። ልጄም ጥሎኝ ሊሄድ ጓዙን እየሸከፈ ነው። የኔታ፣ ሳልሠራ የሚደክመኝ ለምንድን ነው?» አለች። ከተቀመጡበት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች የወፍጮው ዱክ ዱክ ይሰማል፤ እየተናገረች እንኳ ጆሮዋ እዚያው ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቀጠሉ።

ይህ ሰው ከአንድ ዳገት ግርጌ ይኖር ነበር። መስኖው ከታች ነው፣ ገበያው ከዳገቱ ራስ። አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው፤ እሱና ሚስቱ ሽንኩርትና ጎመን እየጫኑባት ይኖሩባታል። ሌላ ርስት የላቸውም። ፒካፗ ከቆመች ድስቱም አይጣድም።

አንድ ቀን ፒካፗ ዳገቱ ላይ ጉልበት ከዳት። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ፍሪሲዮኑ ነው። ፍሪሲዮን ማለት፣ ልጄ፣ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ነው፤ ግራ እግር ሲረግጠው ያለያያቸዋል፣ ሲለቀው ያያይዛቸዋል። አስታራቂ ሽማግሌ በይው።

ሰውየው ጋራዥ አልወሰዳትም። እጁ ሥራ ያውቃል፣ ግቢውም ሰፊ ነው። በክሪክ አነሣት፣ ግንድ ላይ አሳረፋት፣ ከሥሯ ጆንያ አንጥፎ ተንጋለለ። ብሎኑን ፈትቶ ሲጨርስ ካምቢዮውን የሚቀበለው አጣ፤ ማርሹን ሁሉ የያዘ ከባድ ብረት ነው፣ በደረቱ ተቀበለው። ሚስቱ ከጎን በገመድ ትይዝለታለች። እሱ ትንፋሹ እየተቆረጠ «ቀስ! ቀስ በይ እንጂ!» ይላል፤ እሷም «አንተ ቀስ በል፣ እኔማ ከቆምኩ ቆየሁ» ትላለች። የተቃጠለውን የፍሪሲዮን ሸራ አውጥቶ አዲስ ገጠመ፤ ካምቢዮውንም መልሶ በደረቱ ሰቀለው። ፒካፗ ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው፤ እሱ ግን ስንት ቀን በጎኑ መተኛት አቃተው።

ክረምቱ ሳይወጣ እንደገና ሸተተች።

«ሸራው አስመስለው የሠሩት ነው» ብሎ ሻጩን ረገመ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይህን። እንደገና ተንጋለለ። አሁን ሸራውን ብቻ አልቀየረም፤ ሸራውን የሚጫነውን ብረትም፣ ኩሽኔታውንም፣ ዘይት የሚያንጠባጥበውን የጎማ ቀለበትም ቀየረ። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አሮጌ ነገር አላስቀረም። ሥራው ነውር የለበትም። ሲጨርስ እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ «ይኸው! ከዚህ በኋላ ብትሞት በእኔ እጅ አይደለም» አለ። በእጁስ እውነቱን ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትሸት ሰውየው አልተቆጣም። ቁጣም እኮ ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱ ዘንድ ደግሞ አልቋል። ቡዳ በልቷት ይሆናል ብሎ ጠበል እስከ ማስረጨት ደርሶ ነበር። ረጪው እኔ አይደለሁም፤ ብጠየቅ ኖሮ መኪና ዓይነ ጥላ የለባትም እል ነበር። ማታ ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠና ለሚስቱ፣ «ልሽጣት። ልሽጣትና የቀን ሥራ ልግባ። ደረቴ ከእንግዲህ ካምቢዮ አይሸከምም» አላት።

ሚስቱ ያወለቀውን ጫማ አነሣች። አንዱን ገለበጠችው፣ ሌላውንም ገለበጠችው፣ ሁለቱንም ፊቱ አስቀመጠች። የቀኙ ሶል ደህና ነው። የግራው ግን መሐሉ ተቦርቡሮ ጣት ያስገባል።

«ጫማ ሰፊው ሁልጊዜ ይስቅብኛል» አለች። «ባልሽ በአንድ እግሩ ብቻ ነው ወይ የሚሄደው? ይለኛል።»

ሰውየው ጫማውን አየው። ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ግራ እግሩን በእጁ ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ዳገቱ መካከል ላይ የእጅ ፍሬኑ ከድቶት፣ ፒካፗ ሚስቱን ከጭነቱ ላይ እንደ ያዘች ወደ ኋላ ተንሸራታ ነበር። የሰው አጥር ያዛት እንጂ ከአጥሩ ወዲያ ገደል ነው። የተጎዳ ሰው የለም። ፍሬኑም በማግሥቱ ተሠራ። የሰውየው ልብ ግን አልተሠራም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ እግሩ ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ወርዶ አያውቅም። ዳገት ላይ ሲቆም ፍሬኑን አያምንም፤ በፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥሎ ይይዛታል። ሜዳ ላይ ሲሄድ እንኳ፣ ምናልባት ብሎ፣ እግሩን ጣል ያደርግበታል። አጥብቆ አይረግጠው፣ ጨርሶ አይለቀው። በደንብ የተረገጠ ሸራ አይቃጠልም፤ በደንብ የተለቀቀም አይቃጠልም። የሚቃጠለው መካከል ላይ የተያዘው ነው። እሱ ደግሞ እግሩን ያሳረፈ ይመስለው ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ተንጋለለ፤ ደረቱ እየጠዘጠዘው አዲስ ሸራ ገጠመ። ከዚያ ሙሉ ጭነት ጭኖ ዳገቱን ወጣና ያ አጥር ያለበት ሲደርስ አቆማት። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሚስቱ ታኮ የሚሆነውን ድንጋይ ይዛ ወረደች። ጎማው ሥር ግን አልወሸቀችውም፤ ከኋላ ጎማው ትንሽ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችውና ራሷ ወደ ጎን ገለል አለች።

«ልቀቃት» አለችው።

«ብትንሸራተትስ?»

«ታኮው ምን ሊሠራ መጣ? ልቀቃት እንጂ!»

ማርሹን ነፃ አደረገ፤ እግሩን ከፍሪሲዮኑ አነሣ፣ ከፍሬኑም አነሣ፣ ሁለቱንም እግሮቹን በበሩ አውጥቶ መሬት አስነካቸው። ፒካፗ አንዴ ነቅነቅ ብላ ባለችበት ቀጥ አለች። ሰውየው ወንበሩ ላይ በጎን እንደ ተቀመጠ አለቀሰ። ደስታ አልነበረም ያስለቀሰው፤ ያን ሁሉ ዘመን በከንቱ መድከሙ ነው።

የኔታ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። ከዚያ ወደ እንጉዳይ ዞሩ።

«አንቺም እንደዚህ ሰው ነሽ፣ ልጄ። ወፍጮውን ሰጠሁ ትያለሽ፤ ማለዳ ግን ከልጅሽ ቀድመሽ ደጁ ላይ ነሽ። እኔ ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ። እሱ የወፍጮውን ድንጋይ ሲያቀርበው አንቺ ታርቂዋለሽ። ደንበኛ እሱን ሲጠይቅ አንቺ ትመልሻለሽ። አልሠራሽም፣ አልተውሽም። የሚያደክምሽ ሥራው አይደለም፤ መካከል ላይ መያዝሽ ነው። ቃጠሎውም በአንቺ ብቻ አልቀረም፤ ልጅሽ ጓዙን የሚሸክፈው ሸትቶት ነው። ወይ መልሰሽ ያዢው፣ ማንም አይፈርድብሽም፤ ወይ ልቀቂው።»

«ቢያበላሸውስ፣ የኔታ? አባቱ እኮ ለዚያች ወፍጮ ነው የሞተው።»

«ታኮሽን ይዘሽ ራቅ ብለሽ ቁሚ። ታኮ ጎማ ሥር ተወሽቆ አይኖርም፤ እዚያማ ከኖረ መኪናዋም አትሄድ።»

ይህን እየተናገሩ ከታች ዱክ ዱክ ሲል የቆየው ወፍጮ ቀጥ አለ። እንጉዳይ ነጠላዋን ሰብስባ ከተቀመጠችበት ድንጋይ ብድግ አለች።

«እግርሽን፣ እንጉዳይ» አሉ የኔታ።

ባለችበት ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ድንጋዩ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እጆቿንም ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ወፍጮው እንደገና እስኪነሣ ብዙ ቆየ፤ እሷም ብዙ ቆየች።