ዘለቀ እጁን አልታጠብ ያለ ዕለት

እስቲ ጆሮ አውሱኝ፤ ነገሩ አጭር ነው፣ ሲጎትቱት ግን ይረዝማል።

ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሥጋ ቤት ያላት ሴት ነበረች። የምትሻው አንዲት ነገር ብቻ፦ ሥጋ ቆራጩ ዘለቀ ቢላ ከማንሳቱ በፊት እጁን እንዲታጠብ። ዘለቀ ስልኩን ይነካል፣ አፍንጫውን ይነካል፣ ከዚያ ጥሬ ሥጋውን ይነካል። ባለፈው ሳምንት የገዛ ወንድሟ እዚያው ቁርጥ በልቶ ጉሉኮስ ተሰክቶለት ሰነበተ። ሌላ ሰው ከታመመ ቤቷ አበቃለት።

ጓሮ ሄደህ ታጠብ አለችው። ዘለቀ ግን አልታጠብም አለ፤ ጥብስና ቁርጥ ያዘዙት ሾፌሩ ጋሽ ላቀው እያጣደፉኝ መቼ ጓሮ ልሂድ አለ።

ትርንጎ ጋሽ ላቀው ዘንድ ሄደች። አያጣድፉት፤ ካላጣደፉት ዘለቀ ይታጠባል አለች። ጋሽ ላቀው ግን አልተውም አሉ፤ ጥብሱ ዘግይቶብኝ ቁርጡም ይዘግይብኝ? አሉ።

ትርንጎ ወጥ ቤቷ እታገኝ ዘንድ ሄደች። ጥብሱን ጥበሺ፤ ከጠበሽ ጋሽ ላቀው አያጣድፉም፤ ካላጣደፉ ዘለቀ ይታጠባል አለች። እታገኝ ግን አልጠብስም አለች፤ ዘለቀ ሥጋ ሳይልክልኝ ምጣዱን ልጥበስ? አለች።

ትርንጎ ተመልሳ ዘለቀ ዘንድ። ሥጋውን ላክ፤ ከላክህ እታገኝ ትጠብሳለች፤ ከጠበሰች ጋሽ ላቀው አያጣድፉም፤ ካላጣደፉ አንተ ትታጠባለህ አለች። ዘለቀ ግን አልልክም አለ፤ ጋሽ ላቀው እያጣደፉኝ መቼ የጥብሱን ላውጣ አለ።

ጉድ ፈላ! ከዘለቀ ተነስታ ዘለቀ ላይ ደረሰች። የቱ ነው መጀመሪያው? ማንን ትቆጣ? ሁሉም እውነት አለው፣ ሁሉም ጥፋተኛ ነው። ትርንጎ ግራ ገብቷት፣ ጨንቋት፣ መሀል ቤት ቆማ ቀረች።

ማዘዙ ሲሰለቻት ከጓሮ ጆግና ማስታጠቢያ አምጥታ ጋሽ ላቀው ፊት ጎንበስ አለች። የቤቱ ባለቤት ራሷ ውሃ ይዛ ቆማ እምቢ የሚል ማን አለ? ጋሽ ላቀው ደንግጠው ብድግ አሉ፣ ታጠቡ። ከጎናቸው ያለው በላተኛም ታጠበ። እጁ የረጠበ ሰው ያጣድፋል እንዴ? ጋሽ ላቀው ማጣደፍ ተዉ፤ እሳቸው ሲተዉ ዘለቀ ሥጋ ላከ፤ ሲልክ እታገኝ ጠበሰች።

ዘለቀ ግን የቁርጡን ቢላ እንዲሁ አነሳ! ትርንጎ ጆጓን ይዛ ሄዳ እፊቱ ቆመች። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው።

"እኛ በላተኞቹ ታጥበን" አሉ ጋሽ ላቀው፣ "አንተ ቆራጩ ልትቀር ነው?"

ዘለቀ አፈረ። ቢላውን አስቀመጠና ሁለት እጁን ዘረጋ። ትርንጎም ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አፈሰሰችለት።