ወደ ላይ የተላከው ማመልከቻ

አንድ ቀን፣ ያውም በገበያ ቀን፣ በአንዲት የደጋ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህራን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንዲመጡ ተጠሩ። ጥሪው የደረሳቸው ማመልከቻ ካስገቡ ከሦስት ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነበር። ይህም ቢሆን ቶሎ ነው ያሉ አልታጡም፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ቸር ይሆናል።

ማመልከቻውን የጻፉት መምህር ደምለው ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማሩ፣ አራት ነጥብ የጎደለው ደብዳቤ ሲያዩ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። የደመወዝ እርከን ከመሻሻሉ በፊት ጡረታ የወጣ መምህርና ከተሻሻለ በኋላ የወጣ መምህር እኩል ዘመን አስተምረው፣ እኩል ጠመኔ አቡንነው፣ የአንዱ ጡረታ ግማሽ ወር ያደርሳል፤ የሌላው ግን ከባንክ ወጥቶ ቤት ድረስ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ የቀደሙት ጡረታ ከዘመኑ ኑሮ ጋር ይስተካከልልን ነው ያሉት። ጭማሪ እንኳ አላሉም። «ጭማሪ» ካልን ያስደነግጣቸዋል ብለው «ማስተካከያ» የምትለዋን ቃል የመረጡት መምህር ደምለው ናቸው። አርባ አንድ መምህራን ፈረሙበት።

መልስ ሲጠበቅ ኑሮ ደግሞ አልጠበቀም። የሒሳብ መምህር የነበሩት ጋሽ ወርቅአለማሁ በሰባ ዓመታቸው የአንድ የግል ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ድሮ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ልጆቻቸውን በመኪና ሲያደርሱ መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና፣ «ጋሼ፣ አሁንም ከትምህርት ቤት አልወጡም?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይስቁና በሩን ይከፍታሉ። ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩት መምህር ጥላዬ ደግሞ የደም ግፊት ኪኒናቸውን በምላጭ ለሁለት እየከፈሉ፣ ሐኪም ለአንድ ወር ያዘዘላቸውን ሁለት ወር ያደርሱት ጀመር። ሙከራው እስከ ጥር ድረስ ተሳካ። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት መምህር ደምለው ነበሩ።

እንግዲህ በዚያ የገበያ ቀን ሁሉም በጠዋት አዳራሹ ገቡ። ዓይናቸው በሞራ የተጋረደው መምህርት ዘርፌ የጎረቤት ክንድ ይዘው መጡ። ጋሽ ወርቅአለማሁ በራቸውን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥተው መጡ። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ አቶ ልዑልሰገድ የሚባል ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከ ኃላፊ ገባ። ሰውዬው አርባውን ገና ያለፈ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ሁሉን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ ዓይነት ነው። መድረኩ ላይ ሦስት የታሸገ ውሃ ተደርድሮለታል። ለአዛውንቶቹ ግን የሚደረደር አልተገኘም፤ ምናልባት ውሃ ሲጠጡ ይነሡና ስብሰባው ይረበሻል ተብሎ ይሆናል።

ኃላፊው ንግግሩን የጀመረው በምስጋና ነበር። የመምህር ውለታ ተከፍሎ አያልቅም አለ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ መከፈሉ መቼ እንደተጀመረ ግን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ስለ ትዕግሥት አስተማረ። ቀጥሎ ስለ ቁጠባ። በመጨረሻም ጡረተኛ እጁን አጣጥፎ መንግሥትን ብቻ ማየት እንደሌለበት፣ እያንዳንዱ በጓሮው አምስት አምስት ዶሮ ቢያረባ ኑሮው እንደሚለወጥ በሰፊው አብራራ። ከአዳራሹ የሚበዙት በኪራይ ቤት የሚኖሩ፣ እንኳን ጓሮ ደጃፍ የሌላቸው ናቸው። ጋሽ ወርቅአለማሁ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ ዶሮዎቹ ምን እንደሚበሉ ሰውዬው ሳይነግረን እንዳይሄድ አሉ፤ የእነሱን ራት ብናውቅ አብረን እንቀርብ ነበር።

መምህርት ዘርፌ እጃቸውን አወጡና ከዶሮው በፊት የማመልከቻው ነገር ምን እንደደረሰ ጠየቁ።

«ጉዳያችሁን አልጣልነውም» አለ ኃላፊው። «ወደ ላይ ልከነዋል። ላይ ያለው አካል ሲወስን ይነገራችኋል።»

መቼ እንደሚወስን ሲጠይቁት እሱን ላይ ያሉት ያውቃሉ አለ። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ተብለናል ሲሉት፣ ይህ አሠራሩን ጠብቆ እየሄደ መሆኑን ያሳያል ሲል መለሰ። ከኋላ በኩል ማጉረምረም ተሰማ። ኃላፊው ማጉረምረም አይወድም። ፋይሉን ከፈተ፤ ማመልከቻውን አወጣ፤ ፊርማዎቹን በጣቱ ጫፍ እየነካ ወረደና ቀና ብሎ አዳራሹን ቆጠረ። ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ ተማሪ ሲኮርጅ የያዘ መምህር ይመስል ነበር።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «እዚህ ላይ የፈረማችሁት አርባ አንድ ናችሁ። ዛሬ የተገኛችሁት ሃያ ዘጠኝ። አሥራ ሁለቱ የት ሄዱ? ጥያቄው እንደምትሉት የሞት የሽረት ቢሆን ኖሮ ሁሉም እዚህ ይገኙ አልነበረም ወይ? ባለቤቶቹ ያልተከታተሉትን ጉዳይ እኛ እንድንከታተለው ትፈልጋላችሁ?»

ሃያ ስምንቱ መምህራን ወደ መምህር ደምለው ዞሩ። እሳቸው አጠገባቸው ያለችውን ባዶ ወንበር እያዩ ነበር። ጥላዬ በየስብሰባው ከጎናቸው ተቀምጦ እያንቀላፋ፣ ሲነቃ «ምን ተወሰነ?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። መጮኽ አማራቸው። ነገር ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ጮኾ የሚናገርን ማንም እንደማይሰማ ያውቃል። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ፤ ድምፃቸውንም ለቃል ጽሕፈት በሚያነቡበት ልክ ዝቅ አደረጉት።

«ክቡር ኃላፊ» አሉ፣ «እነዚያ አሥራ ሁለቱ ጉዳዩን የናቁ አይደሉም፤ እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ የሚከታተሉት እነሱ ናቸው። እናንተ ማመልከቻው ወደ ላይ ሄዷል ባላችሁን ቁጥር አንዳንዱ እየተነሣ ተከትሎት ወደ ላይ ሄደ። እኛ ሃያ ዘጠኛችን ተራችንን እየጠበቅን ነው።»

አንዲት መምህርት በሹክሹክታ «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ኃላፊው ጣቱን ከፊርማዎቹ ላይ አነሣ። አንዱን ውሃ ከፈተና ሳይጠጣው መልሶ ዘጋው። ከጎኑ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ የቆየው የማዘጋጃ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ግን የሰማውን በሰማበት ቋንቋ አስፍሮ ጨርሶ ነበር፦ «አሥራ ሁለት አመልካቾች ለጉዳዩ ክትትል ወደ ላይ በመሄዳቸው በስብሰባው አልተገኙም።»

ቃለ ጉባኤውም በማግስቱ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ላይ ተላከ።