ቅጠሉ ሲደርቅ ይምጡ

«ልጆች፣ ተረት ላምጣ?»
«ያምጡ!»
«እንግዲያው የቸኮለ ይሂድ፣ የቀረው ይስማ።»

ድሮ ድሮ፣ በአንድ ወንዝ ዳር እማማ ትርንጎ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሀብታቸው አንዲት ጎጆና አንድ መደብ አበባ ነበር። አበባውን የተከለችው የሞተች አንድያ ልጃቸው ናት። ሥሩ እንደ ሽንኩርት ራስ ድቡልቡል ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲጥል ቀይ ሆኖ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ለእማማ ትርንጎ ልጃቸው ደጅ የቆመች ይመስላቸዋል።

የአገሩ ጭቃ ሹም ድልነሳ ይባላል። ያየውን ሁሉ ይወዳል፤ የወደደውን ሁሉ ይወስዳል። በበልግ በበቅሎ ሲያልፍ አበባውን አየ።

«ይህ የሚገባው ለእኔ ደጅ ነው። ቆፍሩ!» አለ ሎሌዎቹን።

«ጌታዬ፣ አበባው ሳለ ሥሩ አይነካም። ቅጠሉ ሲደርቅ ይምጡ» አሉ እማማ ትርንጎ።

«የማዝዘው እኔ ነኝ ወይስ ቅጠል?»

የመደቡን ግማሽ አስቆፍሮ ወሰደ። በሦስተኛው ቀን አበባው አንገቱን ደፋ።

ክረምት ገባ። ጭቃ ሹሙ ተመለሰ። አበባው ረግፏል፤ ቅጠሉ ግን ለምልሟል።

«አበባው የለም። አሁንስ ምን ትያለሽ?»

«ጌታዬ፣ ቅጠሉ ገና ለሥሩ ስንቅ እያቀበለ ነው። ሲደርቅ ይምጡ።»

«ሥር ዘመቻ ሊሄድ ነው እንዴ፣ ስንቅ የሚያዝለት?»

ሎሌዎቹ ሳቁ። መሳቅ ሥራቸው ነበር። ከቀረውም ግማሹን ወሰደ። እሱም ሟሸሸ።

ጭቃ ሹሙ ተቆጣ። ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ «ይህች ሴትዮ አስማት አድርጋበታለች። እስከ ኅዳር መሬቱን ትልቀቅ» አለ።

እማማ ትርንጎ አላለቀሱም። «እለቃለሁ። ብቻ በመውጫዬ ቀን ከመደቡ ያገኘሁትን ልውሰድ።»

ኅዳር ደረሰ። ጭቃ ሹሙ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። መደቡን አየ፤ አበባ የለም። ደግሞ አየ፤ ለምለም ቅጠል የለም። ለሦስተኛ ጊዜ አየ፤ ደረቅ ገለባ ብቻ ነው።

«ቆሻሻሽን ይዘሽ ሂጂ!» አለ እየሳቀ።

እማማ ትርንጎ ከሥሩ ራቅ ብለው ቀስ ብለው ቆፈሩ። አፈሩን አራገፉ እንጂ አላጠቡትም። የበሰበሰውን ጣሉ፤ ከእናት ሥሩ ጎን የበቀለውን ግልገል ሥር ለዩ። በቅርጫት ይዘው ወንዙን ተሻግረው ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። ሥሩን ደረቅ ጥላ ውስጥ አቆዩት። በልግ ሊጥል ሲል፣ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ በሚያህል ጉድጓድ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው፣ በስንዝር በስንዝር አራርቀው ተከሉት።

በመጀመሪያው በልግ ሁለት ብቻ አበበ። አላማረሩም። በሁለተኛው በልግ የወንዙ ዳር ቀላ። በዚያ ማዶ ድልነሳ ያስለቀቃቸው መደብ ግን ሳማ አብቅሎ ነበር።

ጭቃ ሹሙ ወንዙን ተሻግሮ መጣ።

«መቼ ሰረቅሽኝ?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ በሽማግሌ ፊት እየሳቁ ሲያዩኝ ነዋ የወሰድኩት።»

ድልነሳ ከበቅሎው ወረደ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ ትርንጎ፣ እባክዎ አንድ ራስ ይስጡኝ።»

«እሰጥዎታለሁ፤ ልጄም አትነፍግም ነበር። ቅጠሉ ሲደርቅ ይምጡ።»

ድልነሳ አበባውን አየ፤ የወራቱን ርዝመት አሰበ፤ በቅሎው ላይ ወጣ። ኅዳር መጣ፤ እሱ አልመጣም። ደጁ ባዶ እንደሆነ ሞተ።

የወንዙ ዳር ሰዎች ታዲያ፣ «አበባው ላየ፣ ሥሩ ለቆየ» ይላሉ።

ተረቴን ተከልሁ፤ ቶሎ አትቆፍሩት።