ለወርቅውሃ የጡት ወላጅ

በአንድ ወቅት፣ ነገሥታት በድንኳን ይኖሩ በነበረበት ዘመን፣ ወርቅውሃ የምትባል የንጉሥ ታናሽ እህት ነበረች። የንጉሥ እህት መሆን ከሩቅ ሲያዩት ያስቀናል። ወንድሟ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ ግን እሷ የእርቅ መያዣ ሆነች፤ ከወንዙ ማዶ ላለው ገዥ ልጅ ታጨች። የማዶ ሰዎች ደግሞ ሰላይ ይፈራሉና «ከሙሽራዋ ጋር የሚሻገር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወላጇ ከሆነ» አሉ። የወርቅውሃ ወላጆች ሞተዋል። አንዴ የተሻገረች የንጉሥ እህት ደግሞ ለለቅሶ እንኳ አትመለስም።

መላ አልጠፋም። የጡት ወላጅ የሚባል አለ አይደል? ሰውየው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፣ ልጅቱ ትጠባለች፣ ከዚያ ወዲያ ወላጅና ልጅ ናቸው። ንጉሡም «የምትመርጪውን አስጠሪ» አላት። ወርቅውሃ ውለታ የማትረሳ ልጅ ነበረችና ሦስት ሰው አስጠራች። ስህተቷም ይኸው ነው።

ቀድማ የደረሰችው ሞግዚቷ ስንዱ ናት። የወርቅውሃ እናት ንግሥቲቱ እሷን ስትወልድ ስትሞት ስንዱ የራሷን ጨቅላ ለእህቷ ሰጥታ ወርቅውሃን አጠባች። ያቺ ጨቅላ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ስንዱን ግን «እማዬ» ብላ ጠርታት አታውቅም። ስንዱ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችና «ልጄ፣ የኔ የምለው አንቺን ብቻ ነው» አለች።

ቀጥሎ የንጉሡ ፈረሶች አዛዥ የነበረው ባልደራስ አጎናፍር መጣ። ጠላት ሰፈሩን የወረረ ጊዜ ትንሿን ልጅ በቅሎ ላይ አስቀምጦ ወንዙን አሻገራት፤ እሱ መልካው ላይ ቆሞ ተዋጋ። ቀኝ እጁ እዚያው ቀረ፣ ሹመቱም አብሮ ሄደ። ማሩን የነከረው በግራ ጣቱ ነው። «እመቤቴ፣ ያን ጊዜ ብቻዎን ሰድጄዎታለሁ፤ ዛሬ አብሬዎት ልሻገር» አለ።

በመጨረሻ ዓይነ ስውሩ መምህሯ የኔታ ክንፉ በምርኩዝ እየዳሰሱ ገቡ። አንድ ቀን ወርቅውሃ በችሎት መሃል ለአንድ ምስኪን ገበሬ ተከራክራ ንጉሡን «አዳልተዋል» ብትለው፣ ንጉሡ በቁጣ ጠጉሯ ተላጭቶ ገዳም እንድትገባ አዘዘ። የኔታ ያኔ ተነስተው «ጃንሆይ፣ እውነት መናገር ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የሚቀጣ ካለ እኔን ይቅጡኝ» አሉ። ልጅቱ ምሕረት አገኘች፣ የእሳቸው ርስት ተወረሰ። ይኸው እስከ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጠግተው ይኖራሉ። ጣታቸውን ዘርግተው «እዚያ ማዶ ዝም በይ የሚልሽ ይበዛል፤ ተናገሪ የሚልሽ አንድ ሰው ያስፈልግሻል» አሏት።

ወርቅውሃ ሦስቱንም አቅፋ አለቀሰች። «ይህን ያህል ተወድጄ ነው የኖርኩት? እግዜር ይስጥልኝ!» አለች። ከዚያም ወደ ወንድሟ ዞራ «ጃንሆይ፣ ሦስቱንም ልጥባ» ብላ ለመነችው። ንጉሡ እንባውን ጠረገ። «ማዶ የሚቀበሉት አንዱን ነው፣ እህቴ» አላት። ሌሎቹ ሁለቱ ዳግም አያዩዋትም።

በቅሎዋ ተጭናለች፤ ማሩ ከሦስት ጣት ይንጠባጠባል። እኔን አትጠይቁኝ፤ ስንዱ ብዬ ስነሳ አጎናፍር ፊቴ ይደቀናል፣ አጎናፍር ስል የኔታ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ወርቅውሃ የማንን ጣት ትጥባ?