በሁለት ቀን የተለቀለቀ አውድማ

«አንድ ሰው ነበረ፤ አውድማው ጠባብ» አለ አባት።

ከኮሌጅ ለእረፍት የመጣችው ልጁ የጠየቀችው ግን ስለ ኮምፒውተር ቺፕ ነበር። ቺፕ የሚሠራው ሲሊከን ከሚባል ቁስ በተሠራ ስስ ክብ ዝርግ ላይ ነው፤ ብዙ ቺፕ በአንድነት ይሠራና ኋላ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆራረጣል። «ክቡ በሰፋ ቁጥር ብዙ ቺፕ ከወጣው፣ አባባ፣ ለምን እያሰፉት አይሄዱም?» አለችው። አባቷ ስለ አሠራሩ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቃትና የአውድማውን ታሪክ ጀመረላት።

ሰውየው ጤፉን ሦስት ቦታ ከፍሎ በየተራ ይወቃ ነበር። በሬዎቹ በዞሩ ቁጥር በጠርዙ ያለው እህል ወደ ሣሩ ይፈናጠራል፤ የተፈናጠረው የጉንዳን ነው። አንድ ዓመት አውድማውን ጥቂት አሰፋው። በጀው። መሃሉ ሲሰፋ ለጠርዝ የሚገበረው ድርሻ አነሰ፤ ሦስቱ ውቂያ ሁለት ሆነ። ሰው አንዴ ከበጀው ልኩን ይረሳል። በዓመቱ እጥፍ አድርጎ አሰፋውና የዓመቱን ጤፍ ባንድ ጊዜ ሊወቃ ተነሣ።

«ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ «አውድማው ሲሰፋ በሬውም ይሰፋልሃል?»

«አንቺ እበቱን አቡኪ» አላት።

እበቱ አልበቃም። አውድማ በአንድ ጠዋት ተለቅልቆ ማለቅ አለበት፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፣ እሱም ያውቃል። ግን የአራት በሬ እበት ያን ሁሉ መሬት አያለብስም። ግማሹን በዕለቱ፣ ግማሹን በማግስቱ ለቀለቀ። ሲደርቅ ሁለቱ በተገናኙበት መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ክር ያህል ነው። አየውና «ኮቴ ይደፍነዋል» ብሎ ጤፉን ከዳር እስከ ዳር በተነው።

ኮቴው ፈለቀቀው። የደረቀው እበት ከስንጥቁ ጀምሮ ተነሣ፣ ከሥሩ አፈር ወጣ፣ በሬዎቹም እየዞሩ አፈሩን በጤፉ ሁሉ አዳረሱት። ባቄላ ቢሆን ይለቀማል። ጤፍና አፈር አንዴ ከተዋደዱ ማን ያፋታቸዋል? ድሮ አንዱ ውቂያ ቢበላሽ ሌላው ይተርፈው ነበር፤ አሁን ያለው ያው አንዱ ነው። ሚስቱ ስትነፋ ከረመች። ጥርሳቸው ሥር አሸዋ እየተንኮሻኮሸ በሉ። እህሉም ከግንቦት አላለፈም፤ ለዘር የተባለውን ጨረሱት። ክረምት ሲገባ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጠ።

አባት ወደ ልጁ ዞረ።

«የእናንተም ክብ ይኸው ነው። ሲሰፋ በጠርዝ የሚባክነው ድርሻ ያንሳል፣ በአንድ ዙር የሚወጣው ይበዛል፤ አልክድም። ግን ዝርጉን የሚይዘው ማሽን ሁሉ አብሮ መቀየር አለበት፤ በሬው እሱ ነው። ከመሃል እስከ ዳር አንድ ዓይነት ካልሆነ ደግሞ የሚበላሸው አንድ ቺፕ ብቻ አይደለም። እንዳሻቸው የማያሰፉት ለዚህ ነው።»

«ሰውየው ሚስቱን ቢሰማት ኖሮ» አለች ልጅቱ።

«አልሰማኋትም» አለ አባት።