በቅሎ የምታመጣው አተላ

ተረት ተረት ልበላችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

የጎተራውን ገብስ የበላችው በቅሎ ነበረች፤ የተደበደበው ግን አህያ ነው። ከዚያ ወዲህ አህያ በየቀኑ በቅሎ የምታመጣለትን የጠላ አተላ ጠጥቶ ይሰክርና የደረሰበትን በደል ያናፋል፤ ከብቱም ሁሉ ይስቅበታል።

አንድ ቀን ወዳጁ በግ ተጠጋችው። “አያ አህያ፣ እኔስ አምንሃለሁ። እነሱ ግን የሚሰማቸው የአተላው ሽታ ነው። እስቲ ሳትጠጣ ንገራቸው።”

“ሳልጠጣማ በደሉ ያንገበግበኛል!”

“ያንገብግብህ። እኔ አጠገብህ ነኝ።”

በማግስቱ በቅሎ እንደ ልማዷ የአተላውን ገንዳ በአፍንጫዋ እየገፋች መጣች። “ጠጣ እንጂ፣ ወንድሜ!”

አህያ አተላውን አየ፤ እሷንም አየ፤ ለምን እንደምታጠጣውም ገባው። ገንዳውን ደፍቶ ከበግ ጋር ወደ ወንዝ ወረደ። እዚያም ውሃ ሊጠጡ ለወረዱት ከብቶች በደሉን ተረጋግቶ ነገራቸው፤ የሳቀ አልነበረም፤ ሁሉም አመኑት።

በቅሎም ወሬው ደርሷት ያን ቀን ገብሷን ሳትነካ ዋለች።

ተረቴ ይኸው፤ አፌን በውሃ አብሱልኝ።