አጥንት የመለሰው ውሻ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ። ተረቴ አጭር ናት።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳም አጥርም እርስ በርስ ሲነጋገሩ፣ ሰው ግን ንግግራቸውን በማይሰማበት ዘመን፣ እማማ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ያላቸው አንዲት አህያና አንድ ውሻ ነው። አህያዋ ውሃቸውን ታመጣለች፣ እህላቸውን ገበያ ታደርሳለች። እሷ ከሌለች እሳቸውም የሉም። ውሻውን "ይበቃኛል" ብለው ስም አወጡለት። ለውሻው ብለው አይደለም። ድህነታቸውን የምታማ ጎረቤት ነበረቻቸው፤ ውሻውን በጠሩ ቁጥር እሷ እንድትሰማ ነው።

ውሻው ግን ምንም አይበቃውም ነበር።

ቂጣ ሲሸተው በሁለት እግሩ ቆሞ ይወዛወዛል። ቁራሽ ይጣልለታል። ወጥ ሲሸተው የእማማን ጫማ በአፉ ይዞ ቤቱን ይዞራል። ቁራሽ ይጣልለታል። ሥጋ ሲሸተው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ሰቅሎ፣ የሞተ ይመስላል፤ አንድ ዓይኑን ግን ገልጦ አጥንቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ያያል። እማማ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እመት አህዪት ብቻ አትስቅም። እኔ ጀርባዬ እስኪላጥ ተሸክሜ ገለባ፣ አንተ ተንጋለህ አጥንት፣ ትለዋለች።

የፋሲካው ቅርጫ ታርዶ፣ ከእማማ ድርሻ አጥንቱ ጓዳ ተሰቀለ። ያን ሰሞን አመሻሽ ላይ ጅብ በአጥሩ ጥግ አለፈ። ውሻው ጮኸ። እማማ ወጥተው ጅቡ ሲሸሽ አዩና አንድ ቅልጥም ጣሉለት። እንዲህ ያለ አጥንት ቆሞም ተንጋሎም አግኝቶ አያውቅም።

በማግስቱ ውሻው ከጅቡ ዋሻ በር ሄዶ ተጣራ። አያ ጅቦ፣ አንተ ብቅ በል፣ እኔ ልጩህ፣ አንተ ሽሽ፤ አጥንቱን እንካፈላለን አለው። ጅቡም ተስማማ። ግን ከአጥሩ ውጭ ብቆም ማን ያየኛል፣ ራሴን የምታሳልፍ ቀዳዳ አብጅልኝ አለ።

ውሻው የአጥሩን እሾህ በጥርሱ ሳበ።

"ተው ልጄ" አለው አጥሩ። "እኔ የቆምኩት ለአህዪት ነው።"

"ጭንቅላት የምታህል ብቻ ናት፣ አባ አጥር።"

ጅቡ ራሱን አስገባ፣ ውሻው ጮኸ፣ አጥንት ተጣለ።

በሌላው ቀን ጅቡ፣ ራስ ብቻ አያስፈራም፣ ትከሻዬም ይታይ አለ። አጥሩ ተው አለ። ውሻው ቀደደ፣ ጮኸ፣ አጥንት ተጣለ። እማማም ለመዱ። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱን ሲሰሙ መውጣት ትተው፣ ከውስጥ ሆነው በበሩ አጥንት ይወረውራሉ።

በሦስተኛው ጊዜ ጅቡ፣ ወገቤም ይለፍ አለ። ውሻው ሲቀድ አጥሩ ምንም አላለም። ዝምታው ከተግሣጹ ይልቅ ውሻውን አስፈራው።

ጅቡ በቀዳዳው አሻግሮ አየ። ውሻውን አላየም፤ አህያዋን ነው ያየው።

"ነገ ጀንበር ስትጠልቅ እመጣለሁ" አለ። "አንተ ትጮኻለህ፣ አጥንት ይጣልልሃል፣ ትበላለህ። እኔም እበላለሁ። ተካፈልን ማለት ነው።"

በነጋው ውሻው ቀኑን ሙሉ እሾህ ሲጎትት ዋለ። ከንፈሩ ደማ። ያቀረበው እሾህ መልሶ ይወድቃል፤ የቀደደ ጥርስ ማሰር አይችልም። አህያዋ ከወንዝ ስትመለስ፣ ምነው ዛሬ ተንጋለህ አልሞትክም ብላ አሾፈችበት። እሱ እሾሁን መጎተቱን ቀጠለ። እማማ ውሃውን አራግፈው፣ እሷን ችካሉ ላይ አስረው ገቡ።

ጀንበር ጠለቀች። የጅቡ ራስ ገባ።

ውሻው ጮኸ። ቅልጥም በበሩ ተወርውሮ እግሩ ስር ወደቀ። አልነካውም፤ ጮኸ። እማማ ከውስጥ፣ "ብላ እንግዲህ፣ አንተ ሆዳም" አሉ።

የጅቡ ትከሻ ገባ። ውሻው ጫማቸውን በአፉ ይዞ ደጃፉ ላይ ተሽከረከረ። እማማ ሳቁ። ሌላ አጥንት ተጣለ። በሁለት እግሩ ቆመ፤ ሳቁ። ተንጋለለ፤ ባሰባቸው።

የጅቡ ወገብ እሾሁን እያንኮሻኮሸ መጣ። አህያዋ ገመዷን ጎተተች።

"ወንድሜ" አለችው፣ "እኔ ታስሬአለሁ። አንተ ግን አልታሰርክም።"

ይህን ጊዜ ውሻው ቅልጥሙን አነሳ። መቅኑ ይሸታል፣ ምራቁ ይወርዳል። ይዞት ቤት ገባና እማማ እግር ስር አስቀመጠው። ሳይልሰው ዞሮ ወጣ።

የእማማ ሳቅ ቆመ። ይህ ውሻ ከተወለደ አጥንት መልሶ አያውቅም። ከምድጃው የሚነድ ፍልጥ መዝዘው ተከትለውት ሮጡ።

ሲደርሱ ውሻው የጅቡን አፍንጫ ነክሶ ተንጠልጥሏል፤ ጅቡም ጆሮውን ገንጥሎታል። እሳቱን ሲያይ ጅቡ ወደ ኋላ ሊወጣ ታገለ። አጥሩ ግን ወገቡን ጨምድዶ ያዘው።

"መካፈል ነው ያላችሁት?" አለ አጥሩ። "እኔም ድርሻዬን ልያዝ።"

ጅቡ የጀርባውን ቆዳ እሾሁ ላይ ትቶ አመለጠ።

ጠዋት ያቺ ሐሜተኛ ጎረቤት መጣች። ቀዳዳውን አየች፤ እሾሁ ላይ ከጅቡ ጠጉር ስር የውሻ ጠጉር ነበር። "ውሻ በቀደደው ጅብ ገባ በሉኛ" አለች። ነገሩ ከዚያ ወዲህ ይነገራል።

እማማ ውሻውን አዩት። አልቆመም፣ አልተንጋለለም። አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቶት መሬት ላይ ተኝቶ አንገቱን ደፋ። እሳቸውም መጥረቢያ ይዘው እሾህ ሊቆርጡ ወጡ። ውሻው እሾሁን እየጎተተ ያቀርባል፣ እሳቸው ያስራሉ። አህያዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ደግሞ ይሄ ስንት አጥንት ያስገኛል አለች።

ለሆዱ የጮኸ ቁራሽ ያገኛል፤ ቁራሹን የመለሰ ግን ሰሚ ያገኛል።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀች። እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ አጥራችሁን እዩ።